ዘምተው ለቀሩት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ከመንዝ፣ ከደብረ ሲና፣ ከእነዋሪ፣ ከአንኮበር፣ ከሸዋ ሮቢትና ከአረርቲ የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ አይተዋወቁም፤ ጭንቃቸው ግን አንድ ነው። ከቤት አንድ ሰው ዘምቶ ቀርቷል፤ እሱም አልመጣ፣ መርዶውም አልመጣ። ብዙ ቤተሰብ «ስለ እሱ መጻፍና መጠየቅ ሟርት ነው» እያለ ዓመታት ያሳልፋል። እኛ በዚህ አንስማማም። ሰውየውን ማስታወስ ሌላ፣ እርም ማውጣት ሌላ ነው። እርም ማውጣቱ ጊዜውን ይጠብቅ። ማስታወሱ ግን ዛሬ ካልተጀመረ የሚያውቁት ሰዎች ያልፉና የሚጻፍ ነገር ይጠፋል።

ልጄ በ2013 ክረምት ከሞላሌ ዘመተ። በ2014 ጥር ላይ ደውሎ «ደህና ነኝ» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። ማንን አስቀድሜ ልጠይቅ?
*አንዲት እናት፣ ከመንዝ*

እናታችን፣ ወደ ቢሮ ከመሄድዎ በፊት ጽሕፈት የሚችል የቤት ልጅ አጠገብዎ አስቀምጠው አንድ ደብተር ያስጀምሩ። የሚሄዱበት ቢሮ ሁሉ የሚጠይቅዎ ተመሳሳይ ነገር ነው። በቃል ሲነገር ግን ከቢሮ ቢሮ ይለዋወጣል፤ አንዱ ዘንድ «ጥር» የተባለው ሌላው ዘንድ «የካቲት» ሆኖ ይጻፍና ሁለት የተለያየ ሰው ይመስላል።

በመጀመሪያው ገጽ በመዝገብ ያለው ስሙ ከነአባቱና ከነአያቱ ይጻፍ፤ የክርስትና ስሙ፣ ጓደኞቹ የሚጠሩበት ስም፣ የርስዎ ሙሉ ስም ከነአባትዎ፣ የተወለደበት ዓመት፣ ቀበሌውና ጎጡ ይከተሉ። የእናት ስም ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ነገር ግን በስም፣ በአባትና በአያት ሳይቀር የሚመሳሰሉ ወታደሮች ሲያጋጥሙ የሚለያቸው እሱ ነው። በሁለተኛው ገጽ የአካሉ ምልክት ይስፈር፦ ቁመቱ፣ የጫማ ቁጥሩ፣ የጎደለ ወይም የተሰበረ ጥርስ፣ በልጅነቱ ተሰብሮ የዳነ አጥንት ካለ የትኛው እጅ ወይም እግር እንደሆነ፣ ጠባሳ፣ ንቅሳት። ይህን መጻፍ ለእናት ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም ሆስፒታል ውስጥ ስሙን መናገር የማይችል ቁስለኛም የሚለየው በዚሁ ነው። ወደፊት የዘር ምርመራ የሚያስፈልግበት ጊዜ ቢመጣ ናሙና የሚወሰደው ከእናት፣ ከአባት፣ ከልጅ ወይም ከአንድ እናትና አባት ከተወለዱ ወንድምና እህት ስለሆነ፣ እነማን በሕይወት እንዳሉና የት እንደሚኖሩ እዚያው ይመዝገብ።

ሦስተኛው ገጽ የጦር ክፍሉ ነው። «ሰሜን ነው የነበረው» ማለት ለፍለጋ አይበቃም። የሠለጠነበት ቦታ ብር ሸለቆ ይሁን፣ ሁርሶ፣ ጦላይ ወይም ብላቴ፣ ከነወሩ ይጻፍ። ከዚያ ዕዙ፣ ክፍለ ጦሩ፣ ሻለቃው፣ ሻምበሉ፣ መቶው። የምታውቁትን ያህል ጻፉ፤ ያልታወቀው ቦታ በግምት አይሞላ፣ ባዶ ይተው። በመከላከያ ሳይሆን በሚሊሻነት ዘምቶ ከሆነ የስም ዝርዝሩ መጀመሪያ የሚፈለገው ካስዘመተው ወረዳ ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ነው።

ስልክዎን በሚመለከት አንድ ነገር አደራ እንላለን። ልጅዎ በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር የርስዎ ነው። የተያዘ ወይም መታወቂያና ስልኩን ያጣ ሰው የሚደውለው በቃሉ ወደያዘው ቁጥር ነው። ስለዚህ ሲም ካርዱን አይቀይሩ። ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ስለሚችል በየጊዜው ካርድ ይሙሉበት፣ ይደውሉበት። የሱ መልእክት ያለበት ቀፎም አይሸጥ።

ቀጥሎ የተመለሱ ጓደኞቹን ይጠይቁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጥያቄው አመጣጥ ነው። «ሞቷል ወይስ አለ?» ብለው ከጀመሩ መልስ ሰጪው እናት ፊት መርዶ ነጋሪ ላለመሆን «አለ፣ አይዞዎት» ይልና ወሬው እዚያው ይዘጋል። የተሻለው ጥያቄውን እናት ሳትሆን አጎት ወይም ታላቅ ወንድም ቢያቀርበው ነው። መጨረሻ ያየኸው የት ነው? ቀን ነበር ወይስ ሌሊት? ከማን ጋር ነበር? ምን ለብሶ? ቆስሎ ከሆነ ምኑን? ማን አነሣው? በየትኛው መኪና? ቀኑን ካላስታወሰ በበዓልና በጾም ያስታውሱት፤ «ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ? ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር?» ሲባል ብዙ ሰው በጥቂት ቀን ልዩነት ይደርስበታል። የተናገረውን ስትጽፉ በዓይኑ ያየውን፣ ከሌላ የሰማውንና የገመተውን ለየብቻ አስቀምጡ። ሦስት ሰው «ሞቷል» ቢል እንኳ ሦስቱም ከአንድ ሰው ሰምተው ከሆነ ምስክሩ አንድ ነው።

ይህን ከያዙ በኋላ ወደ ቀይ መስቀል ይሂዱ። ደብረ ብርሃን ያለው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቅርንጫፍ ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር ሆኖ በጦርነት የተለያዩ ቤተሰቦችን የማፈላለግ ጥያቄ ይቀበላል። አገልግሎቱ በነጻ ነው፤ «ላስጨርስልዎ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የነሱ አይደለም። ጥያቄው በአንድ ሰው ስም ብቻ ይከፈት። አጎት ከአዲስ አበባ፣ እህት ከደብረ ብርሃን፣ እናት ከሞላሌ በተለያየ የስም አጻጻፍ ሲያስመዘግቡ ፍለጋው ይበታተናል። ቢያንስ ሁለት ስልክ ይስጡ፤ አንዱ ኔትወርክ ባለበት ከተማ የሚኖር ዘመድ ቁጥር ይሁን። ቁጥር በተቀየረ ቁጥር ተመልሶ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ መልስ ተገኝቶ ባለቤቱ የሚጠፋው በዚህ ነው።

ለመከላከያ የሚጻፈው ማመልከቻ ደግሞ በወረዳው አስተዳደር ሸኚ ደብዳቤ ይላክ። ግልባጩን፣ የመዝገብ ቤቱን ቁጥርና ቀን ደብተሩ ላይ ይለጥፉ። ያለ ቁጥር የቀረበ ደብዳቤ እንዳልቀረበ ነው የሚቆጠረው።

ታላቅ ወንድሜ በብሔራዊ ውትድርና ሄዶ በ1980 አፋቤት ላይ ቀረ ይባላል። ይህን ያህል ዘመን ካለፈ በኋላ መጠየቁ ትርጉም አለው?
*ከደብረ ሲና*

አለው፤ ግን ምን ሊገኝ እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

በመጋቢት 1980 በኤርትራ ግንባር የነበረው የመንግሥት ጦር፣ ናደው ዕዝ፣ አፋቤት ላይ ሲመታ የሞተው፣ የተማረከውና የሸሸው በአንድ ላይ ነው ከመዝገብ የጠፋው። ምርኮ ዘግይቶ እንደሚፈታ ከታሪካችን እናውቃለን፤ በ1969 እና 1970 የሶማሊያ ጦርነት የተማረኩ ወታደሮቻችን በቀይ መስቀል በኩል አገራቸው የገቡት በ1980 መጨረሻ ነው። አሥር ዓመት ተዝካራቸው ወጥቶ ያበቃ ሰዎች ከነሕይወታቸው ቤታቸው ደርሰዋል። ከ1990 እስከ 1992 በነበረው የኢትዮ ኤርትራ ጦርነትም የመጨረሻዎቹ ምርኮኞች የተለቀቁት የአልጀርሱ ስምምነት ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ከተፈረመ በኋላ ነው፤ የኛዎቹ በነሐሴ 1994፣ የኤርትራዎቹ በኅዳር 1995። በግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲፈርስ ደግሞ ከአስመራ ወደ ሱዳን የገባው ወታደር ብዙ ነው፤ የባሕር ኃይሉም በመርከብ ወደ የመንና ጅቡቲ ወጥቷል። እንዲህ የወጡት በሕይወት ካሉ በአብዛኛው እስከ ዛሬ ለቤታቸው ድምፃቸውን አሰምተዋል። ስለዚህ ወንድምዎን በሕይወት አገኛለሁ ብለው ሳይሆን፣ የት እንደወደቀና ከማን ጋር እንደነበረ አውቃለሁ ብለው ይጠይቁ። ይህኛው አሁንም ሊሳካ የሚችል ነገር ነው።

መንገዱ በዙሩ በኩል ነው። ብሔራዊ ውትድርና ምልመላው በዙር ነበር፤ ከአንድ አካባቢ የተመለመሉ ልጆች አብረው ተጭነው፣ አብረው ሠልጥነው፣ ብዙ ጊዜ አንድ ክፍለ ጦር ይደርሳቸው ነበር። ስንተኛ ዙር እንደሆነ ይወቁና ከዚያው ዙር የተመለሰ ሰው ከደብረ ሲና እስከ አርማንያ፣ እስከ መዘዞ ይፈልጉ። እነዚህ ሰዎች ዛሬ ሽማግሎች ስለሆኑ ለሚቀጥለው ክረምት አይበሉ።

አድራሻውን ሲጽፉ የያኔውን ይጠቀሙ፤ ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ፣ የገበሬ ማኅበሩ የያኔ ስም። ያኔ «ሰሜን ሸዋ ዞን» የሚል አልነበረም፤ የዛሬውን ቀበሌ ይዞ የዚያን ዘመን መዝገብ ውስጥ መፈለግ አያዋጣም። ቤት ውስጥ የቀረ ደብዳቤ ካለ ፖስታው ከደብዳቤው እኩል ዋጋ አለው፤ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ቦታና ቀን ይናገራል። የፎቶግራፍ ጀርባም ይታይ፤ የከረን ወይም የአስመራ ፎቶ ቤት ማኅተም ካለበት በዚያ ወር የት እንደነበረ ተገኘ ማለት ነው። ጎኑ የቆሙት ጓደኞቹም ምስክሮች ናቸው፤ ፊታቸውን የሚያውቅ ካለ ስማቸው ይጻፍ።

የአባቴ ብቸኛ ፎቶ ከመስተዋቱ ጋር ተጣብቋል። ላላቅቀው ስሞክር ፊቱ ሊነሣ ሆነ። ደግሞም በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር መታሰቢያ ድንጋይ ላቆምለት እፈልጋለሁ፤ ምን ላስጽፍ?
*ከእነዋሪ*

እባክዎ እጅዎን ያንሡ፤ አይላጥ። በደጋው እርጥበትና በምድጃ ጢስ የፎቶው ገጽ ረጥቦ ከመስተዋቱ ጋር ሲደርቅ አንድ አካል ይሆናል፤ ውኃም እንፋሎትም ሞክረው የሚያድኑት ጥቂቶች ናቸው። ከነመስተዋቱ ያንሡት። መስተዋቱን ከፊት በኩል ብቻ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይወልውሉ። ጧት ፀሐይ በማይደርስበት በረንዳ ላይ ግድግዳ አስደግፈው ያቁሙት፤ ስልኩን የያዘው ሰው ጥቁር ነጠላ ወይም ጋቢ ከፊቱ ዘርግቶ ሌንሱን ብቻ ያውጣ፤ መስተዋቱ ውስጥ የሚታየው የራሱ ጥላ የሚጠፋው እንዲህ ነው። ፍላሽ ይጥፋ። ስልኩ ከፎቶው ጋር ትይዩ ይሁን፤ ከላይ ወደ ታች ከተነሣ ግንባሩ ሰፍቶ አገጩ ይጠባል። ለዘመድ በቴሌግራም ሲልኩት እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ አለበለዚያ ጥራቱ ይወርዳል። ቅጂው ቢያንስ በሦስት ሰው እጅ ይቀመጥ።

ያልተጣበቁ ፎቶዎች ካሉ ደብረ ብርሃን ወስደው በ600 ነጥብ ጥራት ስካን ያስደርጉ። ላሚኔት አታስደርጓቸው፤ ሙጫውና ሙቀቱ ከገባ በኋላ መመለሻ የለውም። ጀርባቸው ላይ በእስክሪብቶ አይጻፍ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል። ለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዝ ላይ፣ ሳይጫኑ። ፍሬም ሲያሠሩ በፎቶውና በመስተዋቱ መካከል ወፍራም ካርቶን በዙሪያው ይግባ። ከምድጃው ጀርባ ካለው ግድግዳም ይራቅ።

ለድንጋዩ መጀመሪያ የሰበካ ጉባኤውን ፈቃድ በጽሑፍ ያግኙ፤ የአስተዳዳሪው የቃል ፈቃድ እሳቸው ሲቀየሩ ይረሳል። ጽሑፉ ተፈልፍሎ ይውጣ እንጂ በቀለም አይጻፍ፤ የእነዋሪ ፀሐይና በረዶ ቀለሙን አያቆይም። የሚጻፈው የሚታወቀው ብቻ ነው፦ ሙሉ ስሙ፣ የክርስትና ስሙ፣ የተወለደበት ዓመትና ቦታ፣ የዘመተበት ዓመት፣ ክፍለ ጦሩ፣ መጨረሻ የታየበት ቦታና ወር። «ያረፈበት» የሚል ቃል ቤተሰቡ ሁሉ ካልተስማማበት አይግባ። አንዲት እህት «አልሞተም» እያለች ድንጋዩ «ሞተ» ካለ ያ ድንጋይ ቤተሰብ ይከፋፍላል። ከግርጌ ሁለት መስመር ያህል ባዶ ቦታ ያስቀሩ፤ ወደፊት የሚታወቅ ነገር ሲገኝ አዲስ ድንጋይ አያስፈልግም።

ሬሳ ሳይኖር ፍትሐት ይደረጋል? ተዝካሩስ ከየትኛው ቀን ይቆጠራል?
*ከአንኮበር*

የመጀመሪያው ጥያቄ ሞቱ ታውቋል ወይስ አልታወቀም የሚለው ነው። ካልታወቀ ፍትሐት አይቸኮልም። በክርስትና ስሙ ከሕያዋን ጋር እንዲታሰብ ለንስሐ አባትዎ ስሙን ይስጡ፤ በሱ ስም ዝክር መዘከር፣ የማኅበር ጽዋ ማጠጣት፣ ነዳያንን ማብላት ይቻላል፤ ሞቷል ማለትም አይሆንም። ይህን ብዙ ሰው ስለማያውቅ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የመምረጥ ግዴታ ያለበት ይመስለዋል፤ ወይ ተዝካር፣ ወይ ዝምታ።

ሞቱ በምስክር ከተረጋገጠ ግን ሬሳ አለመኖሩ ጸሎቱን አይከለክልም። በመጋቢት 2011 የቦይንግ አውሮፕላኑ ቢሾፍቱ አጠገብ በወደቀ ጊዜ ሬሳቸው ላልተገኘ ወገኖቻችን በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሥርዓተ ቀብር የተፈጸመው በባዶ ሣጥን ነው። በአገራችን ደንብም ርቆ ለሞተ ዘማች ልብሱ፣ ጠመንጃው፣ ፎቶው ለቅሶ ሜዳ ወጥቶ ይለቀስለታል።

ቀኑን በሚመለከት፣ የሞተበት ቀን ከታወቀ ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ አሥራ ሁለቱ፣ ሠላሳው፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ ከዚያ ይቆጠራሉ። መርዶው የደረሰው አርባው ካለፈ በኋላ ከሆነ፣ ወይም ቀኑ ጨርሶ የማይታወቅ ከሆነ፣ ብዙ ቤተሰብ መርዶ ከተረዳበት ቀን ይቆጥራል፤ ውሳኔው ግን የንስሐ አባት ነው። ስለ ድግሱ የኛን አሳብ እንጨምር፦ ዘማቹ የተዋቸው ልጆች ካሉ የእርሻ በሬ ተሽጦ ተዝካር አይወጣ። ፍትሐቱን የሚያደርሱት ካህናትና የሚበሉት ነዳያን ይበቃሉ።

ዕድሩንም ቀድመው ይጠይቁ። ብዙ ዕድር መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ስለ ርቀት ሞት የተለየ አንቀጽ አለው፤ አንዳንዱ የምስክር ወረቀት ወይም ሽማግሌ ይፈልጋል፤ መዋጮ የተቋረጠበት አባል እንደሆነም ክፍያው ይቀራል። ስለዚህ የዘማቹ ስም በዕድሩ ካለ መዋጮው አይቋረጥ።

ለሙስሊም አንባቢዎቻችን፣ በሌለበት የሚሰገደው ሰላተል ጋኢብ የሚመጣው ሞቱ ሲረጋገጥ ነው፤ መዝሀቦቹም በጉዳዩ ይለያያሉና የመስጂዱ ኢማም ይጠየቁ። ዱዓውና ሶደቃው ግን አይጠብቅም።

ባለቤቴ ከጠፋ ሦስት ዓመት አለፈ። የባሌ ወንድሞች መሬቱን ይጠይቁኛል። ልጆቼን የማሳድግበት ጡረታም ይሰጣል ይባላል። ፍርድ ቤት ልሂድ?
*ከሸዋ ሮቢት*

እህታችን፣ ሕጉ ለርስዎ ሁኔታ የተጻፈ ክፍል አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። የሚቀርበው ጠፊው ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ፍርድ ቤት ነው። ሁለቱ ዓመት የሚቆጠረው መጨረሻ ወሬው ከተሰማበት ቀን ስለሆነ ያ ቀን በማስረጃ ይደገፍ፦ የስልክ ጥሪ፣ ደብዳቤ፣ የጓደኛ ምስክርነት፣ ከጦር ክፍሉ የተጻፈ ደብዳቤ። የጋብቻና የልጆች ልደት ምስክር ወረቀት፣ መታወቂያና ሁለት ወይም ሦስት ምስክሮች ያዘጋጁ። ፍርድ ቤቱ ማስታወቂያ እንዲወጣ ሊያዝ ስለሚችል ጉዳዩ በአንድ ቀጠሮ አያልቅም።

ከመፈረምዎ በፊት ግን ይህን ይወቁ፤ የመጥፋት ውሳኔ ጋብቻን ያፈርሳል። የቤተሰብ ሕጉ ጋብቻ ከሚፈርስባቸው ምክንያቶች መካከል ከሞት ጋር ያስቀመጠው እሱን ነው። ብዙ ሴቶች ጡረታውን ብቻ አስበው ገብተው ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። እሱ ተመልሶ ቢመጣ ንብረቱን ባለበት ሁኔታ መልሶ ይረከባል፤ ስለዚህ ውሳኔ መጠየቅ እሱን መካድ አይደለም፣ የባል ዘመዶችም እንዲያ ቢሉ ልክ አይደሉም።

ስለ መሬቱ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የርስዎ ስምና ፎቶ ከባለቤትዎ ጋር ካለ ደብተሩን ለማንም አያውሱ፣ ግብሩን በስማችሁ ይክፈሉ፣ ደረሰኙን ያስቀምጡ። ለእኩል ወይም ለኪራይ ሲሰጡ በጽሑፍ፣ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ይሁን። የቃል ውል ከሁለት ክረምት በኋላ «ሸጣልኛለች» ይባልበታል።

ለጡረታው የሚያስፈልገው የፍርድ ቤቱ ውሳኔ፣ የጦር ክፍሉ ደብዳቤና የቤተሰብ ማስረጃ ነው። ሚስት፣ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችና በሱ ይረዱ የነበሩ ወላጆች ተጠቃሚ ናቸው፤ አማት እናት መብት ካላት አብራችሁ አመልክቱ፣ ለየብቻ መሮጥ ሁለታችሁንም ያዘገያል። የጡረታ ጥያቄ የጊዜ ገደብ ስላለው ውሳኔው እንደወጣ ግልባጩን ይዘው ይሂዱ።

አንድ ሰው ደውሎ «ወንድምህ ምርኮ ላይ ነው፤ ገንዘብ ከላክህ በስልክ አገናኝሃለሁ» አለኝ። ልላክ?
*ከአረርቲ*

አይላኩ። እንዲህ የሚደውሉ ሰዎች ስሙን፣ የአባቱን ስምና ፎቶውን ያገኙት ቤተሰብ ራሱ ፌስቡክ ላይ ከለጠፈው የፍለጋ ማስታወቂያ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ ስትለጥፉ ሁሉንም አትጻፉ፤ የክርስትና ስሙን፣ የቤት ስሙንና አንድ የአካል ምልክት ለማረጋገጫ አስቀሩ። ደዋዩን የሚጠይቁት እነሱን ነው፦ «እናታችን ምን ብላ ነው የምትጠራው? ጠባሳው የቱ ጋ ነው?» እውነተኛ ሰው ጠይቆ ይመለሳል፤ አጭበርባሪ ይቆጣል ወይም «ጊዜ የለም» ይላል። «ለማረጋገጫ ትንሽ ብቻ» የሚለውም ያው ነው፤ ትንሹ ከተላከ ሁለተኛው ጥያቄ በማግስቱ ይመጣል።

ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና ያለውን ቃል በቃል ደብተሩ ላይ ይጻፉ፤ ስልክዎ የሚቀዳ ከሆነ ይቅዱት። ለእናትዎ ከመንገርዎ በፊት ለወረዳው ፖሊስ ያመልክቱ፤ የማፈላለጉን ጥያቄ ለተቀበለው የቀይ መስቀል ሠራተኛም ቁጥሩን ያሳውቁ።